ከሰው ፎቶ የተቆረጠ ክዳን

የድስት ክዳን የተሰበረበት ሰው ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ድስቱ ደህና ነው፤ አይጣልም። ክዳን ለብቻው የሚሸጥ ሱቅ ደግሞ የለም። ሰውየው ለጥቂት ቀን ሳህን ይከድንበታል። ሳህኑ ተንሸራቶ ሾርባው ውስጥ ይገባል። ጣቱን ያቃጥላል፣ ይራገማል፤ በመጨረሻ አንድ የሚያውቅ ጎረቤት «እትዬ ግጣምን አትጠይቅም?» ይለዋል።

ግጣም ስሟ አይደለም። ያወጣላት ባሏ ነው። የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ውስጥ፣ ከባንኮኒ ጀርባ ቆማ ወጣትነቷን ጨርሳለች። ሱቁ የተዘጋ ዕለት ባለቤቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ «መጋዘን ውስጥ የቀረውን ተካፈሉ» አላቸው። ሌሎቹ ሲሮጡ እሷ የመጨረሻዋን ደንበኛ ዕቃ በወረቀት እየጠቀለለች ነበር። ስትደርስ መጥበሻው የለም፣ ማንቆርቆሪያው የለም። የቀሩት ክዳኖች ናቸው፤ ድስታቸው በመንገድ የተጨረማመተ፣ ድስታቸው ለማሳያ ወጥቶ ያልተመለሰ፣ ድስታቸው የት እንደገባ የማይታወቅ ክዳኖች፣ በየጆንያው።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ጆንያዎቹን በደረጃው ላይ ሲጎትት ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፣ «የሰው ሚስት ድስት ይዛ ትመጣለች፣ የኔዋ ግጣም ይዛ መጣች!» አለ። የታችኛው ፎቅ ሰማ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ግጣም ይላት ጀመር።

ከክዳኖቹ አንዱን ለሙከራ ያህል ኢንተርኔት ገበያ ላይ አወጣችው። ምሳ ሳይደርስ ተሸጠ። የገዛችው ሴት «ለዚህች ክዳን ያልሄድኩበት የለም» ብላ ጻፈች። ግጣም ይህን ቃል ሁለቴ አነበበችው። ጆንያዎቹን ያኔ ነው የፈታቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ሆቴል ዕቃ ሲቀይር ትሄዳለች። ቆርቆሮና ብረት የሚገዙ ሰዎች ያውቋታል፤ ክዳን ሲያገኙ ለብቻ ያስቀምጡላታል። ክዳኖቹ በቤቱ ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቅለዋል። በኮሪደሩ ትንንሾቹ፣ አማቷ፣ የባሏ እናት፣ በሚተኙበት ክፍል ትልልቆቹ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት በሩን በኃይል ሲዘጋ ሁሉም አንድ ላይ ይንጫጫሉ።

«ትምህርት ቤት ነው እንዴ ያስተኛችሁኝ?» ይላሉ አማቷ። «ደወል በደወል!»

ደንበኛ «መካከለኛ ድስት ነው ያለኝ» ብሎ ሲጽፍላት ትስቃለች። መካከለኛ የሚባል ድስት የለም። «ሲባጎ ወስደው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ በውስጥ በኩል ይለኩልኝ» ትላለች። ጠርዙ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው ወይስ ላዩ ላይ ነው የሚያርፈው? የእንፋሎት ቀዳዳ አለው? መያዣው በብሎን ነው ወይስ የተበየደ? ይህን ሁሉ በቃል ማስረዳት ያታክታል። ሰው በዓይኑ ካላየ አይገዛም። ፎቶ ያስፈልጋል።

የግጣም መከራ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ክዳን ፎቶ አይወድም። የመስታወቱ ከራሱ በቀር ሁሉን ያሳያል፤ መስኮቱን፣ መጋረጃውን፣ የላይኛውን አምፖል። የብረቱ ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ ያነሳቻቸው ፎቶዎች ሁሉ ላይ ራሷ ነበረች፤ ግንባሯ ሰፍቶ፣ አገጯ ተጎትቶ፣ ስልኩን እንደ ጋሻ ይዛ። ባሏ አይቶ፣ «ክዳኑን ነው የምትሸጪው ወይስ አንቺን? አንቺን ከሆነ ዋጋውን ከፍ አድርጊው» አላት።

ስለዚህ አቋራጭ ፈለገች። ድስት የሚሠሩ ፋብሪካዎች የየራሳቸው ገጽ አላቸው። ድስቱ በነጭ መደብ ላይ እንደ ሙሽራ ተኩሎ ይቀመጣል፤ ክዳኑም ከላዩ ነው። ግጣም ፎቶውን ስልኳ ላይ ታወርደዋለች። ከዚያ በጣቷ ጠርዙን እየተከተለች ክዳኑን ትቆርጠዋለች፤ ድስቱን ትጥለዋለች። እጇ የለመደ ነው፤ ጥፍር ታህል አታዛንፍም። የተቆረጠውን ክዳን ገጿ ላይ ትለጥፈዋለች።

ስርቆት ነው ብላ አንድም ቀን አላሰበችም። በሷ ቤት ስሌቱ ቀጥተኛ ነበር። ፋብሪካው የሚሸጠው ድስት ነው፤ ድስቱን ትታለታለች። የወሰደችው ክዳኑን ነው፤ ክዳን ለብቻው እሱ አይሸጥም። ታዲያ ማን ተጎዳ? ደግሞስ የቆረጠችው በገዛ እጇ አይደለም?

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ባሏ አነበበው። ዓይኑ ደክሟል፤ ስልኩን በክንዱ ርዝመት አርቆ ነው የሚያነበው። «ማስታወቂያ ነው፣ እለፊው» አላት። አለፈችው። ሁለተኛው ሲመጣ ራሷ አነበበችና የተባለውን ፎቶ አወረደች፤ በቦታው ከሌላ ፋብሪካ ገጽ የቆረጠችውን ለጠፈች። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ግን ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ጠዋት ገጿን ስትከፍት ባዶ ነጭ ነው። ክዳን የለም፣ ዋጋ የለም፣ ደንበኞች የሰጧት ኮከብ የለም። መሃሉ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ባለቤትነቱ የሌላ ሰው የሆነ ምስል በተደጋጋሚ በመጠቀምዎ ገጽዎ ታግዷል። የምስሉ ባለቤት እስከ እሑድ ድረስ አቤቱታውን በጽሑፍ ካላነሳ ገጽዎ ለዘለቄታው ይሰረዛል።» ከሥሩ የከሳሹ ስም፣ የስቱዲዮው አድራሻና በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ረጅም ደንብ አለ።

ባሏ ይህን ጊዜ ማስታወቂያ ነው አላለም። ቁጭ አለ። የአውቶቡስ ድርጅቱ ሐኪም ዓይኑን አይቶ ከወሩ መጨረሻ በኋላ መሪ እንዳይይዝ ወስኗል። ባልና ሚስት ስለዚህ ነገር ብዙ አላወሩም። «ክዳኑ አለ» ብለው ነበር የተጽናኑት። አሁን እሑድ ክዳኑም ሊሄድ ነው።

«እኔ እኮ ድስቱን አልነካሁም» አለች ግጣም፣ ለማንም ሳይሆን።

አማቷ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። «ከሳሹ ሰው ነው?» አሉ።

«ፎቶ አንሺ ነው ይላል።»

«ሰው ከሆነ በር አለው። በር ካለው ይንኳኳል። ጫማዬን አምጪልኝ።»

«እማማ፣ ጉልበትዎ…»

«ጉልበቴን ተዪው። ብቻሽን ብትሄጂ ሌባ ትመስያለሽ። ከኔ ጋር ከሄድሽ ቤተሰብ ትመስያለሽ።»

ስቱዲዮው ያረጀ ሕንፃ ውስጥ፣ ከጥርስ ሐኪም አጠገብ ነበር። በሩ ላይ የጉርድ ፎቶ የሚነሱ ሰዎች ሥዕል አሁንም አለ፤ ቀለሙ በፀሐይ ነጥቷል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። መሃል ላይ ነጭ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን መብራት፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ። የጥጥ ጓንት ያደረጉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ቀጭን ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ማንቆርቆሪያውን በብሩሽ እየጠረጉ ነበር። ጥግ ላይ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠችው ልጃቸው ናት። ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጉርድ ፎቶ አቁመናል» አለች።

«ለጉርድ አይደለም» አለች ግጣም። «እኔ… ክዳን የምሸጠው ነኝ።»

ልጅቷ ወንበሯን አዞረች። «የክዳኑ ገጽ? እርስዎ ነዎት?»

«እሷ ናት፤ እኔ ደግሞ አማቷ ነኝ» አሉ አማቷ፤ ሳይጋበዙም ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ደረጃችሁ ሰው ይገድላል።»

ፎቶ አንሺው ብሩሹን አስቀመጡ። ልጃቸው የግጣምን ገጽ ከመታገዱ በፊት አስቀምጣው ኖሮ ስክሪኑ ላይ አወጣችላቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ተጠጉ። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ከዚያ ዞረው ግጣምን ተመለከቷት።

«ልጄ፣ የኔን ድስቶች አንገት አንገታቸውን ቆርጠሽ የት አደረስሻቸው?»

ግጣም መሬቱን አየች። አማቷ ሳቅ አመለጣቸው።

«አባዬ፣ አታስቃቸው» አለች ልጅቷ። «ሦስተኛዋ ነው፤ ሁለቴ ተነግሯታል።»

«ፋብሪካውን ላስፈቅድ አስቤ ነበር» አለች ግጣም። አላሰበችም፤ አፏ ነው ያለው።

«ፋብሪካው ቢፈቅድልዎም ዋጋ የለውም። ፋብሪካው የገዛን ለራሱ ገጽ ብቻ ነው። ፎቶው የአባቴ ነው።» ልጅቷ አልጮኸችም። ብዙ ጊዜ ያለችውን ነገር እንደሚደግም ሰው ነው የተናገረችው። «አንድ ድስት ለማንሳት አባቴ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ? ያቺን ማንቆርቆሪያ ከትናንት ጀምሮ ነው የሚጠርጋት። ከዚያ ፎቶው ይወጣል፤ በማግስቱ መቶ ሻጭ ይቆርጠዋል። ሁሉም ጋ በነጻ ካለ ማን ሊያሠራው ይመጣል? እስቲ ይንገሩኝ። ጉርድ ፎቶውን ስልክ ወሰደው። ይኸኛውን ደግሞ እናንተ።»

ግጣም ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የሌላ ማንቆርቆሪያ ፎቶ ጠጋ ብላ አየች። የማንቆርቆሪያዋ ሆድ ላይ ማንም አይታይም። መብራቱ የለም፣ መስኮቱ የለም፣ ሽማግሌውም የሉም፤ ከላይ እስከ ታች እንደ ወተት የለሰለሰ ብርሃን ብቻ።

«እንዴት አርገው ነው ራስዎን ከፎቶው ላይ ያጠፉት?» አለች፣ የመጣችበትን ረስታ።

ፎቶ አንሺው ፊታቸው በራ። «ነገሩ ቀላል ነው። የሚያብረቀርቅ ነገር የሚያሳይሽ ፊቱ ያለውን ነው። ፊቱ ያለውን ሁሉ ነጭ ካደረግሽው ምን ያሳያል? ነጭ! ጣጣው ግን…»

የልጅቷ ስልክ ጮኸ። ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

ሽማግሌው በሩን አዩ። አማቷን አዩ። «እሜቴ፣ ችግሩ ምንድን ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።»

አማቷ ነገሩ። የልጃቸውን ዓይን፣ አውቶቡሱን፣ ቤቱ በምን ሊቆም እንደሆነ ሳያስረዝሙ፣ እንባም ሳይጨምሩ ነገሩ። ፎቶ አንሺው ጓንታቸውን አወለቁ። ከመሳቢያ ወረቀት አወጡ። ቆመው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ አጥፈው ለግጣም ሰጧት።

«ባለፈው ዓመት በቃል ፈቅጄላት ነበር ብያለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህን ለገበያው ቢሮ ላኪው። በቃ። ለልጄ አትንገሯት፤ ደግሞ ልቧ ክፉ አይደለም፣ እኔን ስትጠብቅ ነው እንዲህ የሆነችው።»

«እግዜር ዕድሜ ይስጥልን» አሉ አማቷ። ደረጃውን ሲወርዱ ስለ ጉልበታቸው አንድም ቃል አላነሱም።

ቤት ሲደርሱ ባልየው ወረቀቱን በክንዱ ርዝመት ይዞ ጮክ ብሎ አነበበው። ሲጨርስ ሳመው። «እንዲህ ነው ሰው! ላኪው፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ግጣም ወረቀቱን በስልኳ አነሳችው። የገበያውን መልእክት ከፈተች። መልሱ የሚገባበትን ቦታ ስትፈልግ ወደ ታች ወረደች፤ ትንንሾቹ ፊደላት ውስጥ ገባች። ማንም የማያነበው ቦታ ነው። አንድ አረፍተ ነገር ላይ ጣቷ ቆመ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ባሏ።

አነበበችለት። «ፈቃድ መሰጠቱን እያወቀ አቤቱታ ያቀረበ ሰው ሐሰተኛ ከሳሽ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም አቤቱታ የማቅረብ መብቱ ይሰረዛል።»

«እና?»

«በስቱዲዮው ስም የከሰሰችኝ ልጅቷ ናት። አባቷ ባለፈው ዓመት ፈቅጃለሁ ካለ፣ ፈቃድ እያለ የከሰሰችኝ እሷ ልትሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም መጥቶ ቢዘርፋቸው አፏን መክፈት አትችልም።»

«እሱ ያውቃል?»

«የት ያውቃል። ልቡ ሩህሩህ ነው፤ ደንቡን አላነበበም። እኔስ መች አነበብኩ?»

ባሏ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ፤ ተመለሰ። «ስሚ፣ እኔ ልንገርሽ። ወረቀቱን የጻፈው የገዛ አባቷ ነው። በጉልበት አልጻፈም። አንቺ በሰው ልጅ ጉዳይ ምን አገባሽ? የኛ ቤት ሲዘጋ እሷ መጥታ ታለቅስልሻለች?»

«አታለቅስም።»

«ታዲያ!»

ግጣም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ባሏ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ አንቺ ንገሪያት። አብረሽ የሄድሽው አንቺ ነሽ።»

አማቷ ጫማቸውን እያወለቁ ነበር። አንዱን አውልቀው ሌላውን ሳያወልቁ ቀሩ። «ወረቀቱን ሳገኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም» አሉ። «ያቺ ልጅ ምላሷ ምላጭ ነው። ግን ያለችው ሁሉ እውነት ነው። እውነት የተናገረን ሰው ውሸታም አስብሎ በሚገኝ ገንዘብ የተገዛ እንጀራ ጉሮሮዬን አይወርድም። ያንተ ከወረደልህ ዋጠው።»

ሾፌሩ ጃኬቱን ለበሰ። ከዚያ፣ «እናትና ሚስት ከተባበሩ ወንድ ልጅ ምን ይላል» ብሎ ወደ ሥራው ወጣ። በሩን በኃይል ዘጋው። ክዳኖቹ ተንጫጩ።

በማግስቱ ግጣም ብቻዋን ሄደች። ሽማግሌው ጠረጴዛቸው ጋ ነበሩ፤ ዛሬ መጥበሻ ነው የሚጠርጉት። ወረቀቱን ለሳቸው ልትሰጥ እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ቀድማ ተቀበለቻት። አነበበችው። እንደገና አነበበችው።

«አባዬ» አለች፣ «ይችን ሴትዮ ባለፈው ዓመት የት ነው ያገኘሃት?»

ሽማግሌው ብሩሹን ሳያቆሙ፣ «በሕልሜ» አሉ።

«በሕልሙ!» ልጅቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ከንዴት ይሁን ከሌላ አይታወቅም። «እኔ ሌባ ሳባርር እሱ በጓሮ በኩል በር ይከፍታል! ይኼ ቢላክ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«አያውቁም ነበር» አለች ግጣም። «እኔም ቤት ገብቼ ነው ያየሁት። ስለዚህ መለስኩት።»

ልጅቷ ወደሷ ዞረች። ትክ ብላ አየቻት። «አልላኩትም?»

«አልላክሁትም።»

«እሑድ እኮ ነው የሚሰረዙት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ፈልገው መጡ?»

ግጣም ይህን በአውቶቡስ ላይ ስታሰላስለው መጥታለች፤ ሲጠየቅ ግን የተሰናዳው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «አቤቱታውን የሚያነሳ፣ የዛሬ ቀን ያለበት ወረቀት ካለ» አለች። «ከሌለም ግድ የለም። ወረቀቱን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

መጥበሻው ላይ የሚሄደው ብሩሽ ቆመ። ልጅቷ ወንበሯን ሳበች፤ ለግጣምም አንድ ሳበችላት።

«ገጹ ለሰው አይታይም እንጂ እርስዎ በሻጭነትዎ ከውስጥ መግባት ይችላሉ። ይግቡ። ከኛ የተቆረጡት የትኞቹ ናቸው?»

ግጣም ስልኳን ከፈተች። ክዳኖቹ በረድፍ በረድፍ ወጡ። ያምራሉ። ከሚያብረቀርቁት ውስጥ የሽማግሌው የትኛው፣ የሌላው የትኛው እንደሆነ ልትለይ ሞከረች፤ አልቻለችም። ሁሉንም የቆረጠችው እሷ ነች፤ ማን እንዳነሳቸው ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

«አላውቅም» አለች። «ሁሉም የሰው ነው።»

የመጀመሪያውን ነካችና አጥፋ አለችው። «እርግጠኛ ነዎት?» አላት ስልኩ። አዎ አለች። ሁለተኛውን ነካች። «እርግጠኛ ነዎት?» አዎ። ልጅቷ መጀመሪያ ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ማየት ያስቸገራት ይመስል ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ሽማግሌው ሻይ አፍልተው አመጡ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ስልኩ በየጊዜው እርግጠኛ ነዎት ይላታል፤ ግጣም በየጊዜው አዎ ትላለች። ሰው እያየ የሚያጠፋው ነገር ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው አጥፍቶ ሲጨርስ ነው። መጨረሻ ላይ የክዳኖቹ ስምና ልክ ብቻ ቀረ፤ በየአጠገቡ ባዶ ግራጫ ሳጥን።

ልጅቷ ጻፈች። ስትጨርስ ስክሪኑን ወደ ግጣም አዞረችው። እንዲህ ይላል፤ «ፈቃድ አልነበራትም። ዛሬ እፊቴ ተቀምጣ የኛንም የሌሎችንም ፎቶዎች በሙሉ አውርዳለች። ከዛሬ ጀምሮ አቤቱታችንን አንስተናል።»

«ከዚህ በላይ ማሳመር አልችልም» አለች ልጅቷ። «ይከፈት አይከፈት የነሱ ጉዳይ ነው።»

«ይበቃኛል» አለች ግጣም።

ሽማግሌው እስከ ደረጃው ሸኟት። ከልጃቸው ጆሮ ሲርቁ ጠየቁ፤ «ቤትሽ ነጭ አንሶላ አለሽ?»

«የአማቴ አለ።»

«አራት ማዕዘን ድንኳን አርጊው። ክዳኑን ውስጡ፣ መብራቱን ውጭ። ስልኩ የሚያይበት ቀዳዳ ብቻ ተዪ። ቀዳዳዋ ትንሽ ትሁን።»

ቀዳዳዋ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አስነሳች።

«አንሶላዬን?» አሉ አማቷ። «የሰርጌን አንሶላ በመቀስ?»

«እማማ፣ የሰርግዎ አንሶላ ያለቀው እኔ ሳልመጣ ነው። ይኼን እኔ ነኝ የገዛሁት።»

«ቢሆንስ! የተኛሁበት እኔ ነኝ።» ግን መቀሱን ያቀበሉት እሳቸው ናቸው።

ሾፌሩ የመጨረሻ ወሩን ገና አልጨረሰም፤ ያን ቅዳሜ ግን ተራው አልነበረም። ስለ ወረቀቱ ምንም አልተናገረም። ሁለት ወንበር አምጥቶ የአንሶላውን ጫፎች ከመደገፊያቸው አሰረ፤ ሦስተኛውን ጫፍ ከመስኮቱ፤ አራተኛው የሚታሰርበት ሲጠፋ ራሱ ያዘው። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆመ።

«ስንት ዓመት መሪ ይዤ» አለ፣ «በስተርጅና የአንሶላ ምሰሶ ልሁን?»

«አትንቀጥቀጥ» አለች ግጣም። «ስትንቀጠቀጥ ጥላው ይሄዳል።»

የመጀመሪያው ጥቁር ወጣ። ሁለተኛው ላይ የሾፌሩ ሆድ አለ። ሦስተኛው ላይ አማቷ ጭንቅላታቸውን ድንኳኑ ውስጥ አስገብተው «በራ?» ሲሉ ተነሱ፤ ይህኛው ሳቁን አፈነዳው፤ አንሶላው ወረደ፤ እንደገና ተሰቀለ። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንድ የብረት ክዳን ወጣ። ያ የሽማግሌው ወተት የመሰለ ብርሃን የለውም። ትንሽ አዘንብሏል፤ መያዣው ላይ ያለችው ጭረት ጎልታ ትታያለች። ግን ክዳን ነው፤ ከራሱ በቀር ምንም አያሳይም። ጭረቷም እውነተኛ ናት፤ የሚገዛው ሰው ቤቱ ሲደርስ ያያታል።

የገበያው ቢሮ መልስ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ግጣም ትንንሾቹን ፊደላት ጭምር አነበበችው። ገጹ ተከፍቷል። ኮከቦቹ አይመለሱም። ስሟ ከሻጮች ዝርዝር መጨረሻ ላይ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ደግማ የሰው ፎቶ ስትጠቀም ብትገኝ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰረዛል። አዲስ ሻጭ እንደማለት ነው። ዓመታት የገነባችው ሁሉ ሄዶ ስሙ ብቻ ቀርቷል።

«ተከፈተ?» አለ ባሏ።

«ተከፈተ።»

«ኮከቡስ?»

«የለም።»

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። የተቀደደው አንሶላ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ሌላ ክዳን አምጪ» አላት። ተነሳና እጁን ዘረጋ።

እስኪመሽ አነሱ። ማታ ግጣም ያነሳቻቸውን አንድ በአንድ ለጠፈች፤ ግራጫዎቹ ሳጥኖች ጥቂቶቹ ሞሉ፤ የሚበዙት ባዶ ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ስልኳ ድምፅ ሰጠ። አማቷ ከአልጋቸው፣ ሾፌሩ ከመታጠቢያ ቤት፣ ሁለቱም በአንድ አፍ «ማን ነው?» አሉ።

የማታውቀው ደንበኛ ነው። ያንን ያዘነበለውን፣ መያዣው የተጫረውን የብረት ክዳን አይቶ ጽፏል፤ «ሰላም። ፎቶው ላይ ክዳን ብቻ ነው ያለው። ድስቱስ የታለ?»

ግጣም ሲባጎዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች፤ ተቀምጣ መልስ ጻፈች።

«ድስቱ እርስዎ ጋ ነው። በውስጥ በኩል ይለኩልኝ።»